ታካሚው እየጻፈ ነው

ሰኞ፣ ስምንት ሳምንት ሲቀር

ይህን ደብተር የገዛሁት ለስብሰባ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሳወጣው የመጀመሪያው ገጽ ንጣቱ አሳሳኝና ለራሴ ያዝኩት።

ሆስፒታላችን የታካሚዎች ፖርታል ሊከፍት ነው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ቀጠሮ የሚይዝበት፣ የምርመራ ውጤቱን የሚያነብበት፣ ሐኪሙን በቪዲዮ የሚያነጋግርበት። ምን የት እንደሚቀመጥ፣ የቱ በተን ቀድሞ እንደሚታይ፣ የቱ ቃል በሽተኛ እንደማያስደነግጥ የምወስነው እኔ ነኝ። ኮዱን የሚጽፈው ፕሮግራመር ጎኔ ነው የሚቀመጠው፤ ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ ስለማይል «ዝምታ» የሚል ስም አውጥቼለታለሁ። ከሁለታችን በላይ አለቃ አለች። ዛሬ የመክፈቻውን ቀን ስትነግረን ሰባት ሳምንት ያለች መስሎኝ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሰሌዳው ላይ ስትጽፈው ስምንት ሆኖ ተነፈስኩ። ይህቺ ሴት ስታወራ ቃሉን ትውጠዋለች።

ከሰዓት በኋላ የሳንባ ሐኪሙ ሲሠሩ እንድመለከት አለቃ ላከችኝ። የቪዲዮ ምርመራውን መጀመሪያ የሚሞክሩት እሳቸው ናቸው። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው። ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ሦስት ቦታ ብቻ ማዳመጫቸውን አስጠግተው «ግራው፣ ከታች፣ ውሃ ይዟል» አሉ። ራጅ ተነሥታ ስትመለስ ውሃው ልክ እሳቸው ባሉት ቦታ ላይ ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰው ደረት ውስጥ ይህን ያህል የሚሰማ ነገር አለ ማለት ነው?

እንድሞክረው ማዳመጫውን አቀበሉኝ። ምንም የለም። ልምድ ይጠይቃል መሰለኝ።

ረቡዕ

መስማት ለሚቸግራቸው ታካሚዎች የሚሆን ነገር ጨመርኩ። ሲመዘገቡ «መስማት ይቸግረኛል» የሚለውን ከመረጡ ገጹ ወዲያው የአጋዣቸውን ስምና ስልክ ይጠይቃቸዋል፤ ያ ሳይሞላ ወደፊት አይሄድም። በቪዲዮው ላይ አጋዡ አብሮ ይገባል። ማንም ብቻውን አይቀርም። አለቃ «ልብ ያለው ሥራ ነው» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዓርብ፣ ሩጫ ላይ

በጥሪ ድምፁ ላይ ቅሬታ መጣ። ሐኪም ሲደውል ታካሚው ስልክ ላይ የሚጮኸው ድምፅ የኔ ምርጫ ነው። ሲሞከር ነርሶቹ እሳት የተነሣ መስሏቸው ወደ ደረጃው ሮጡ አሉ። ለእኔ ለስለስ ያለ ነው። ሰዉ ምን ነክቶታል?

ዝምታ ቀነሰው። አሁን ጭራሽ አይሰማም።

እሑድ

ባሌ አንድ ቤት እየኖርን ወረቀት ይጽፍልኝ ጀምሯል። ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፈዋል። «ማክሰኞ የወላጆች ስብሰባ አለ፣ አሥር ሰዓት።» እንደ ጎረቤት። ስጠይቀው «ነግሬሽ ነበር» ይላል። አልነገረኝም። መምህር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለተማሪ ሲለፈልፍ ውሎ ለእኔ ሲደርስ አፉ ይዝላል ማለት ነው። ወይም ሌላ ነገር አለ። ሌላ ነገር ካለ ለማወቅ አልቸኩልም።

ልጄ ደግሞ ስድስት ዓመት ከሞላት ወዲህ አዲስ ጠባይ አውጥታለች። የምትነግረኝ ሲኖራት ጉንጮቼን በሁለት እጇ ይዛ ፊቴን ወደ ራሷ ታዞራለች። ሲያምርባት።

ማክሰኞ፣ ሰባት ሳምንት ሲቀር

ለሙከራ ከጋበዝናቸው ታካሚዎች አንዱ ዛሬ ቢሮአችን ድረስ መጣ። አናጢ ነው፣ ወደ አርባ ይጠጋል፣ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። ከወጣትነቱ የያዘው አስም አለበት፤ የሳንባ ሐኪሙ ታካሚ ነው። ታላቅ እህቱ አብራው መጥታለች። እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እሱ በእጁ የሚናገረውን ለሐኪም የምትነግረው፣ ሐኪሙ የሚለውንም በእጇ የምትመልስለት እሷ ናት። ደግ ሴት ናት፤ ድካሟ ትከሻዋ ላይ ይታያል።

ዛሬ ግን እህቱን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጧት ብቻውን ገባ። ከጆሮው ላይ ጠፍጣፋ የአናጢ እርሳስ አወረደና በምልክት ወረቀት ጠየቀ። ቆሞ ጻፈ።

«ስሜን ሞላሁ። ገጹ የእህቴን ስም ጠየቀኝ። ካልሞላህ አታልፍም አለኝ። የታመመው ማን ነው?»

አለቃ አንብባ ወደ እኔ ገፋችው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሥሩ «የሚረዳዎት ሰው እንዳይጠፋ ብለን ነው» ብዬ ጻፍኩ። አየው፣ ፈገግ አለ፣ ጻፈ።

«ረዳት የምፈልገው ቁምሣጥን ስሸከም ነው።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መዳፉን ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፎ ትንሽ ገፋ አደረገውና ተንበረከከ፤ ካርቶን አጥፎ አንዱ እግር ሥር ከተተ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍበት ሲንገዳገድ የኖረው ጠረጴዛ ቀጥ አለ። ነክቶ ብቻ ነው ያወቀው። ሊወጣ ሲል ደግሞ አንዲት ነርስ ከኋላው ያለውን በር ስትከፍት ቀድሞ ዞረ። እንዴት እንዳወቀ ኮሪደሩ ላይ እህቱን ጠየቅኋት። ወለሉ ይነግረዋል አለችኝ።

በሩ ሲከፈት እኔ አልሰማሁም ነበር። ሐሳብ ላይ ስለነበርኩ ነው።

ሐሙስ

የጽሑፍ ክፍል እንጨምር አልኩ። ሐኪምና ታካሚ በድምፅ ፋንታ እየተጻጻፉ የሚመካከሩበት። አለቃ ጊዜ እንደሌለ፣ ሐኪም ለአንድ ሰው ያለው አሥር ደቂቃ እንደሆነ፣ በጽሑፍ ሰላምታውም እንደማያልቅ ነገረችኝ። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። «ለስንት ሰው ብለን?» አለች በመጨረሻ። ፊቴ ለምን እንደጋለ እንጃ።

እሷ ከሄደች በኋላ ገጹ ላይ ያለውን የአጋዡን ስም መሙያ ሣጥን ማየት አስጠላኝ። ኩራቴ ነበር እኮ።

ሰኞ፣ አምስት ሳምንት ሲቀር

ዛሬውኑ ልጻፈው።

የመጀመሪያው እውነተኛ የቪዲዮ ምርመራ ነበር። ታካሚው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ፣ ከቤታቸው። እኔ ከሐኪሙ ጎን ቁጭ ብዬ የሙከራውን ቅጽ እሞላለሁ። ምስሉ እንደ መስታወት ጠርቷል። ሽማግሌው ሳቂታ ናቸው፤ የሸሚዛቸውን አንገት እያስተካከሉ ሲያወሩ ቆዩ። ቅጹ ላይ «ድምፅ፦ ጥሩ። የታካሚው ቅሬታ፦ የለም» ብዬ ፈረምኩ። ቀና ስል ሐኪሙ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው አምቡላንስ ይጠራሉ፣ በሌላው ሽማግሌው እንዳይነሡ ይጠቁማሉ።

ሽማግሌው ሁለት ሌሊት ተቀምጠው ነው ያደሩት። ጋደም ሲሉ ደረታቸው ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስላቸዋል። ይህንን ሁለት ጊዜ ተናግረው እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ሐኪሙ ደግሞ ከቃሉም አልፈው በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ስንቴ ትንፋሽ እንደሰረቁ ቆጥረዋል። አራቴ። ከማዶ፣ በስልክ ሽቦ ከመጣ ድምፅ ውስጥ። አምላኬ፣ ይህ ጆሮ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

አድነዋቸዋል። ልባቸው ውሃ መግፋት አቅቶት ነበር። አንድ ቀን ቢያድሩ ኖሮ ብለው ሐኪሙ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት።

እኔ ፈገግታቸውን ነው ያየሁት።

ማይክሮፎኑ ነው። ነገ ይቀየራል።

ረቡዕ

ሐኪሙ አስጠሩኝ። ስለ ማይክሮፎኑ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስለ ክፍሉ ግድግዳ፣ ስለ ኔትወርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ካለው መደርደሪያ የምፈልገውን መጽሐፍ እንድመርጥ ጋበዙኝ። ሄጄ ርዕሶቹን ማየት ያዝኩ። ክፍሉ ጭር ብሏል። ሲቆይብኝ ዞር አልኩ። አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ስንቱን ቁጥር ሰማሽ?» አሉኝ።

«የምን ቁጥር?»

ወንበር ሳቡልኝ። ስድስት ቁጥር በሹክሹክታ ጠርተው ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀመጡና «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። አላውቅም ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ሁለት ዓመት ይሆነኛል» ነው።

ሁለት ዓመት። እኔው ራሴ ነኝ ያልኩት።

አልተቆጡም፣ አላዘኑልኝም። የጆሮ ክፍል ለነገ ጠዋት ቀጠሮ አስያዙልኝና የሽማግሌው ነገር የኔ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ፣ ቅጹን ግን ማስተካከል የኔ ሥራ እንደሆነ ነገሩኝ። በሩ ጋ ስደርስ ዞር አልኩ፣ ምናልባት ሌላ ነገር ቢሉኝ ብዬ። እስክወጣ ፊታቸውን ከእኔ አላዞሩም።

ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። እንዴት ያለሁ ቀጣፊ ነኝ።

ሐሙስ

ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በተን እንድጫን ተነገረኝ። ረጅም ጊዜ ምንም ሳይመጣ ሲቀር እየፈራሁ ዝም ብዬ እጫናለሁ። ባለሙያዋ በመስታወቱ አየችኝና ሳቀች፤ ሁሉም ሰው እንደሚሰርቅ ነገረችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋችው። የሁለቱ ጆሮዎቼ መስመሮች ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳሉ። የጠፋው አይመለስም። የመስሚያ መሣሪያ ያግዛል።

ለባሌ ማታ ሳህን እያጠብን ነገርኩት። ውሃውን ዘግቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አልደነገጠም፤ ያ ነው ይበልጥ ያስለቀሰኝ። ሦስት ጊዜ ተናግሮ ሳልሰማው ስቀር አራተኛውን መጮህ ስላልፈለገ ነው ወረቀት መጻፍ የጀመረው። «ስጮህ ልጅቷ የምንጣላ ይመስላታል» አለኝ። በወላጆች ስብሰባው ላይ አስተማሪዋ ነግራዋለች፤ ልጄ ለክፍል ጓደኞቿ «እማዬ የምትሰማው በዓይኗ ነው» ብላ አስረድታለች።

እኔ ደግሞ ሌላ ሴት ያለችው መስሎኝ ነበር። አሁን ብጽፈው ምን ቸገረኝ።

ዓርብ

አዲስ ቅጽ ሞላሁ። «ድምፅ፦ ጥሩ ነበር። ቅጹን የሞላችው ሠራተኛ አልሰማችም።» ፈርሜ አለቃ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩትና ልባረር ነው ብዬ ዕቃዬን በዓይኔ መሰብሰብ ጀመርኩ። አነበበች። ተነሥታ ወንበሯን ጎትታ፣ ጠረጴዛውን ዞራ፣ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከዛሬ ጀምሮ እንደዚህ ነው የምናወራው አለች። የሙከራ ቅጽ ከእንግዲህ በሁለት ሰው ይሞላል፤ ይህ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። ስለ ሽማግሌው ስትናገር ግን ድምፅዋ ሳይሆን ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ አየሁት። ይገባኛል። ሳስበው እኔንም ይበርደኛል።

ከዚያ «ያ የጽሑፍ ክፍል ስንት ቀን ይወስዳል?» ብላ ዝምታን ጠየቀችው።

ማክሰኞ፣ አራት ሳምንት ሲቀር

መሣሪያዎቹ ከጆሮዬ ጀርባ ናቸው። ትንንሽ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ።

የዛሬውን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ወረቀት ሲገለጥ ይጮኻል። የጃኬቴ እጅጌ ከጎኔ ሲነካካ ይናገራል። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ዘጋች፤ እዚህ ሆኜ ዚፑ ጥርስ በጥርስ ሲገጣጠም ሰማሁ። ይህ ሁሉ ያለ እኔ ሲካሄድ ነበር። ቢሮ ገብቼ ተቀመጥኩና ከጎኔ የማይቋረጥ ጉርምርምታ መጣብኝ። ዝምታ ነው። ጠዋት ከገባ እስከሚወጣ ከኮዱ ጋር ይከራከራል፣ ይሰድበዋል፣ ይለምነዋል፣ በመሃሉ ያዜማል። አንድ ዓመት ተኩል ዝምታ እያልኩ ስጠራው አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ዛሬ ነግሬው እስኪያስለው ሳቀ። ለካ ስሙን ያወጣሁለት በስድብ መስሎት፣ ወሬህ በዛ ማለቷ ነው ብሎ ለመቀነስ ሲታገል ኖሯል።

የጥሪ ድምፁንም የመጀመሪያውን አስከፍቼ ሰማሁት። ነርሶቹን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ቅዳሜ

አናጢውን የእንጨት ሥራ ቤቱ ሄጄ አማከርኩት፤ አንድ ደብተር በመሃላችን አድርገን ተጻጻፍን። የጽሑፍ ክፍሉን ንድፍ አሳየሁት። ከላይ በኩል የአሥር ደቂቃ ቆጣሪ አስቀምጬ ነበር። እርሳሱን አነሣና ቆጣሪው ላይ መስመር ጎተተበት።

«መጻፍ ለእኔ የሰው ቤት ነው። ቤቴ እጄ ነው። ሰው ቤት ቀስ ተብሎ ነው የሚገባው።»

እኔ ደግሞ የማይናገር ሰው ሁሉ መጻፍ ይቀለዋል ብዬ ነበር። ስንት ነገር ነው ሳልጠይቅ የማውቀው?

ቆጣሪውን አወጣሁ። በምትኩ አንድ ትንሽ መስመር አስገባሁ፤ ታካሚው ጣቱን ሲያንቀሳቅስ በሐኪሙ ስክሪን ላይ «ታካሚው እየጻፈ ነው» ትላለች፤ ሐኪሙ ሲያነቡ ለታካሚው «ሐኪምዎ እያነበቡ ነው» ትላለች። የሚጻፈውን ከሁለቱ በቀር ማንም አያይም። እኔም፣ ዝምታም፣ አለቃም። የአጋዡ ሣጥን አሁንም አለ፣ ግን ለፈለገ ብቻ፣ ከታች።

ረቡዕ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀር

ጊዜ የለኝም። ሦስት ገጽ ተበላሽቷል። ዝምታ ኮዱን እየለመነው ነው። ልብስ ሰፊው ተሻላቸው፤ የተኙበት ዋርድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የቀሚሴ ጠርዝ እንደተተረተረ አሳዩኝ። አምጪው አሉኝ።

ዓርብ፣ ሰኞ ይከፈታል

ዛሬ ያየሁትን ሳልጽፍ አልተኛም።

የጽሑፍ ክፍሉን የመጀመሪያ ሙከራ ከአናጢው ጋር አደረግን። እሱ ምድር ቤት በአንዲት ትንሽ ክፍል ስልኩን ይዞ ብቻውን፤ ሐኪሙ ሦስተኛ ፎቅ ቢሯቸው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ታብሌት ይዤ ነበር፤ ግንኙነቱ እንዳልተቋረጠ፣ ማን እንደሚጽፍና ማን እንደሚያነብ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ጎኔ እህቱ። አለቃም ሰዓቷን እያየች ወረደች።

ሐኪሙ አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አጭር ነበር። ከዚያ ታብሌቱ ላይ ያቺ መስመር መጣች። «ታካሚው እየጻፈ ነው።»

አንድ ደቂቃ። ሦስት። ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ግንኙነቱን አየሁ፤ ደህና ነው። መስመሯ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትመጣለች። አምስት። አለቃ ሰዓቷን ማየት ተወች። ሰባት። ከላይ ሐኪሙ «ምን ገጠመህ?» ብለው ጣልቃ መግባት ይችሉ ነበር፤ አልገቡም። እኚያ የሰው ትንፋሽ የሚቆጥሩ ሰው ስክሪን ፊት ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጠብቁ መሰለኝ። ዘጠኝ። አለቃ ከእህቱ ጎን አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አንድም ቃል አይታየኝም ነበር፤ ግን እግሬን ማንቀሳቀስ ፈራሁ። በዚያ በር ጀርባ አንድ ሰው አርባ ዓመት የተሸከመውን ነገር ሰው ቤት ገብቶ አንድ በአንድ እያወረደ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ። ከዚያ «ሐኪምዎ እያነበቡ ነው።» እሳቸውም ረጅም ጊዜ አነበቡ።

አርባ ሰባት ደቂቃ ተጻጻፉ።

ሲያልቅ ሐኪሙ ሊፍቱን ትተው በደረጃ ወረዱ። አናጢውን በሩ ጋ አገኙትና እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሲመለሱ አጠገቤ ቆም ብለው «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አክሜዋለሁ» አሉኝ፤ «ዛሬ ተዋወቅን።» ወደ ላይ ወጡ።

እህቱ ታብሌቱን ስታየው ቆይታ ነበር። «ምን አለ?» አለችኝ። እንደማይታይ፣ እንዳይታይ አድርጌ የሠራሁት ራሴ እንደሆንኩ ነገርኳት። ብርሃኑ እስኪጠፋ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

«ሠላሳ ዓመት አፉ ነበርኩ» አለች፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ግን እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት። «በእኔ ያላለፈ ነገር አለው ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ወንድሟ መጣ። ልትጠይቀው ሁለት እጇን አነሣች። እጆቿ ደረቷ ፊት አየር ላይ ቆሙ። እሱም ቆሞ ጠበቃት፣ ዓይኑ በለቅሶ የቀላ፣ ፊቱ ግን ቀለል ያለ። ከዚያ አወረደቻቸው። የት እንደምታደርጋቸው ግራ የገባት ይመስል ጥቂት አንጠልጥላቸው ቆየችና ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ጎን ለጎን ሆነው ወደ መንገዱ ወጡ።